የቄስ ወልደ ዮሐንስ ሹልዳ

የዳሌና የእግር ጡንቻን በፈተና ዘጠና ሁለት አምጥቼበታለሁ። ባሕር ዳር ጤና ረዳትነት ስማር መምህራችን የሰው ገላ የተሳለበት አሮጌ ሥዕል ግድግዳ ላይ ሰቅለው፣ "መቀመጫን በሐሳባችሁ አራት ቦታ ክፈሉት። መርፌ የሚገባው በላይኛው የውጭ ሩብ ብቻ ነው። ከዚያ ወደ ታች ወይም ወደ ውስጥ የወጋ ሰው እኔ አላስተማርኩትም" ይሉን ነበር። ሳቅንባቸው። እኔ ደግሞ ጎበዝ ተማሪ ስለነበርኩ ደብተሬ ላይ በቀይ እስክሪብቶ አሰመርኩበት። ደብተሩን እስከ ዛሬ አልጣልኩትም።

ሰብለ እባላለሁ፤ የዱርቤቴ ልጅ ነኝ። በሃያ ሁለት ዓመቴ ዋንዛማ የምትባል ቀበሌ ተመደብኩ፤ ከቡሬ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ናት። ክሊኒኩ ሁለት ክፍል ነው። ሠራተኞቹም ሁለት ነን፤ ኃላፊው ነርስ ደጀኔና እኔ። አገሬው "ሐኪሟ" ይለኛል። መጀመሪያ ላይ ስጠራ ደስ ይለኝ ነበር።

መሬት በተደለደለ ማግሥት ነው፣ ጥቅምት ዘጠና ዓመተ ምሕረት። ዝናቡ አልወጣ ብሎ የደረሰውን ጤፍ አበሰበሰው፤ ወባው ደግሞ ከቆላ ተነሥቶ እኛ ድረስ ወጣ። ከንጋት ጀምሮ የክሊኒኩ ደጅ በጋቢ ተጠቅልሎ በሚንቀጠቀጥ ሰው ይሞላል። ደጀኔ ቡሬ ስብሰባ ሄዷል። ያኔ ስብሰባ የማይጠራው የሞተ ሰው ብቻ ነበር። እኔ ብቻዬን መርፌ እቀቅላለሁ፣ ካርድ እጽፋለሁ፣ ኪኒን አድላለሁ።

ቄስ ወልደ ዮሐንስን አራት ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው ያመጧቸው በዚያ ሳምንት ነው። ባለቤታቸው እትዬ ወለተ ሐና ነጠላቸውን አደግድገው ከኋላ ከኋላ ይሮጣሉ። ቄስ ወልደ ዮሐንስ የዋንዛማ ሚካኤል ቀዳሽ ናቸው፤ ረጅም፣ ድምፃቸው ከወንዝ ማዶ የሚሰማ፣ ኩሩ ሰው። በደብሩ ያሉት ቄሶች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ካልተሟላ ደግሞ አይቀደስም። ስለዚህ የእሳቸው መታመም የአንድ ቤት ጭንቀት ብቻ አልነበረም። ከተሸካሚዎቹ አንዱ ቃሬዛውን ሳያወርድ፣ "ሐኪሟ፣ እኒህን ሰው ካላተረፍሽልን ቤተ ክርስቲያናችን ተዘጋ በይው" አለኝ።

ሰውነታቸው እንደ እሳት ይፋጃል። ኪኒኑን በአፍ ሰጠኋቸው፤ አስመለሱት። ደግሜ ሰጠሁ፤ አስመለሱት። ዓይናቸው መገለባበጥ ሲጀምር የቀረኝ የወባው መርፌ፣ ኩዊኒን ብቻ ነበር። ተሸካሚዎቹንም እትዬ ወለተ ሐናንም ከክፍሉ አስወጣሁና መርፌውን ቀድቼ፣ "አባ፣ ሱሪዎን ትንሽ ዝቅ ያድርጉልኝ" አልኳቸው።

እስከዚያ ድረስ የተናገርኩትን አንዱንም አልሰሙኝም። ይህችን ሰሙ። በሁለት እጃቸው የሱሪያቸውን ማሰሪያ ጨምድደው ያዙ።

"አይፈታም!"

"አባ፣ ለመርፌው ነው።"

"በሴት ልጅ ፊት? አይፈታም ብያለሁ!"

ጣቶቻቸውን ለማስለቀቅ ሞከርኩ። በሽተኛ ሰው እንዲህ ያለ ጉልበት ከየት እንደሚያመጣ አላውቅም። ከዚያ ራሳቸው ዘዴ አመጡ። ወደ ጎን ተገላበጡና የሰፊውን የአቡጀዲ ሱሪ እግር ወንዝ እንደሚሻገር ሰው ከታች ወደ ላይ ሰበሰቡት፤ ጉልበታቸውን አለፈ፣ ጭናቸውን አለፈ፣ ታፋና መቀመጫ የሚገናኙበት ጋ ሲደርስ ቆመ። "በዚህ ውጊ" አሉኝና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

እኔ የምፈልገው ቦታ በታሰረው ማሰሪያ ሥር ነው። የተገለጠልኝ ደግሞ መምህሬ በጭራሽ ያሉት ነው። ከትልቁ የመቀመጫ ጡንቻ ሥር አውራ ጣት የሚያህል ነርቭ ከወገብ ወርዶ በጭን ጀርባ ያልፋል፤ እግርን በሙሉ የሚያዘው እሱ ነው። ይህን በደንብ አውቃለሁ። ዘጠና ሁለት አምጥቼበታለሁ።

ሌላ ሰው ቢሆን ምን ያደርግ ነበር? እትዬ ወለተ ሐናን ይጠራ ነበር። አራቱን ወንዶች አስገብቶ ያስይዛቸው ነበር። በመቀስ ሱሪውን ይቀድ ነበር። መቀሱ ጠረጴዛው ላይ ነበር። እኔ ግን አፈርኩ። በአባቴ ዕድሜ ያሉ ቄስ ናቸው፣ እኔ ትናንት የመጣሁ የከተማ ልጅ፤ ከሳቸው ጋር በሱሪ ማሰሪያ መታገሉ ራሱ ነውር መሰለኝና ቶሎ እንዲያልቅልኝ ፈለግሁ። ደጅ ላይ ሌሎች በሽተኞች ያቃስታሉ። አንድ ጊዜ ምንም አይል ብዬ ወጋሁ።

ጮኹ። እግራቸው ከዳሌ እስከ ጣት መብረቅ እንደመታው ተወራጨ። "እሳት! እሳት!" አሉ። እንዲህ ሲሆን መርፌውን ወዲያው ንቀሉ ተብለናል፤ ይህንንም ጽፌዋለሁ። ነገር ግን መድኃኒቱ ገና ግማሹ አልገባም፣ ሰውዬው ሊሞቱብኝ ነው፣ በካርቶኑ ውስጥ የቀረው ብልቃጥ ሦስት ነው። ጥርሴን ነክሼ እስኪያልቅ ገፋሁት። ለመጀመሪያው ስህተት ብዙ ምክንያት ሰጥቻለሁ። ለዚህኛው አንድም አላገኘሁም።

በአምስተኛው ቀን እትዬ ወለተ ሐና አንድ ገንቦ ማር አሸክመው መጡ። ጉልበቴን ሊስሙ አጎነበሱ፤ አስጨንቀው ሳሙኝም። "ትኩሳቱ ለቀቃቸው፣ እህልም ቀመሱ። እግራቸው ብቻ ነው እምቢ ያለው" አሉኝ።

ሄጄ አየኋቸው። ሲራመዱ ቀኝ ጉልበታቸውን ጭቃ ውስጥ እንደሚሄድ ሰው ከፍ አድርገው ያነሡታል፤ የእግራቸው መዳፍ ግን ተንጠልጥሎ ይቀርና መሬቱን ጠፍ ያደርገዋል። ከቅልጥም ፊት ለፊት ያለችው ጡንቻ ናት የእግርን መዳፍ ወደ ላይ የምትስበው። ትእዛዟ ከዳሌ ይመጣል። ቅልጥማቸውን በመርፌ ጫፍ ነካሁት፤ አላወቁም። ትንሿን ጣት ነካሁ፤ አላወቁም። እኔ ላብ በላብ ሆኜ እሳቸው ግን ፊታቸው በርቷል።

"ልጄ፣ አትጨነቂ። ይኸ በሽታ አይደለም" አሉኝ። "ያን ለት ክሊኒኩ ውስጥ ስቃዥ አንድ ብርሃን የለበሰ መጣና ዳሌዬን ያዘኝ። እሳት ከጭኔ እስከ ጣቴ ወረደ። ማን እንደሆነ ገብቶሻል? ሹልዳዬን ነካኝ።"

ያዕቆብ ከመልአኩ ጋር ሌሊቱን ሙሉ ሲታገል አድሮ የጭኑ ሹልዳ እንደተነካ፣ ካልባረክኸኝ አልለቅህም ብሎ ተባርኮ እያነከሰ እንደሄደ አገሩ ሁሉ ያውቃል። በዋንዛማ ሹልዳ የሚባለው ሥጋው ሳይሆን ነጩ የጭን ጅማት ነው፤ ቅርጫ ሲታረድ ከበሬው ጭን ተመዝዞ የሚጣለው ስለዚህ ነው፤ ማንም አይቀምሰውም። አሁን ደግሞ የሚካኤል ደብር ቄስ ሹልዳቸው ተነካ። ወሬው እንደ ሰደድ እሳት ሄደ። ከጅጋ፣ ከማንኩሳ፣ ከቆላው ሰው እየመጣ ያን እግር ተሳለመ። ሴቶች ሕፃናት እያመጡ የሞተውን ቅልጥም አስነኩ። እኔም በመንገድ ሳልፍ "ሐኪሟ፣ በአንቺ ክሊኒክ እኮ ነው የሆነው፤ ታድለሽ" ይሉኛል።

ለደጀኔ ነገርኩት። ክፉ ሰው አይደለም፤ የአምስት ልጆች አባት ነው። በሩን ዘጋና፣ "መልአክ ነው ካሉ መልአክ ነው። አንቺን ከመልአክ ጋር ምን አከራከረሽ?" አለኝ። "ብትናገሪ አንቺ ትታሰሪያለሽ፤ እሱስ ይሁን። ግን ሕዝቡ ሁለተኛ መርፌ አይወጋም። በሚቀጥለው ወባ ይኸን ሁሉ ሰው በምን ልታክሚው ነው?"

ዝም አልኩ። ዝም ማለት ለካ ይለመዳል።

መድኃኒት ላመጣ ፍኖተ ሰላም የሄድኩ ዕለት አንድ ሐኪም አግኝቼ፣ "አንድ በሽተኛ አለኝ" ብዬ ስም ሳልጠራ ጠየቅኳቸው። ሐኪሙ ብዙ አልመረመሩኝም። "ነርቭ አንዳንዴ ይመለሳል። ግን በቀን የጤፍ ቅንጣት ያህል ነው የሚያድገው፤ ከዳሌ እስከ እግር ዓመት ያልፈዋል። እስከዚያ ተረከዙን ጠብቂው" አሉኝ። "የቅልጥም ፊት ጡንቻ ስትሞት የባት ጡንቻ ያለ ተቃዋሚ ይጎትታል፤ የተረከዝ ጅማት ያጥራል። ጠዋት ማታ መዳፉን ወደ ላይ እየገፋሽ ካላፍታታሽው፣ ነርቩ ሲመለስ እግሩ አይታዘዝም። ዛሬ ጀምሪ።" ወደ ባሕር ዳር ልኬ የእግር መደገፊያ እንዳሠራላቸውም መከሩኝ።

በማግሥቱ ቄስ ወልደ ዮሐንስ ቤት ሄድኩ። እግራቸውን ጠዋትና ማታ እንዳሽላቸው፣ መደገፊያውንም እንዳሠራላቸው ለመንኩ። ሳቁብኝ።

"ያዕቆብ ሐኪም ቤት ሄደ ወይ?"

"አባ፣ ማሸት ብቻ ነው። አያምዎትም።"

"የነካኝ እሱ፣ የሚመልሰውም እሱ ነው። በእጅሽ ላፍታታው ስትይ ከማን ጋር እንደምትታገይ ዕወቂ። ተይው ልጄ።" አባብለው፣ ምሳ አብልተው፣ ሸኝተው መለሱኝ። ሦስት ጊዜ ሄድኩ። ሦስቴም እንዲሁ። ያደረግሁትን ብነግራቸው ኖሮ በዚያው ቀን እሺ እንደሚሉ አውቅ ነበር።

ኅዳር ሚካኤል የደብሩ ክብረ በዓል ነው። አገር ሞልቷል። እሳቸው ናቸው የቀደሱት። ሊያቆርቡ ሥጋው ያለበትን ጻሕል ይዘው ከመቅደስ ሲወጡ እኔ በሴቶች መቆሚያ ነበርኩ። እግራቸው ባዶ ነው፤ የቀኙ ጣቶች በምንጣፉ ጫፍ ሥር ገቡ። ተደናቀፉ። አንዱ ዲያቆን በደረቱ ባይደግፋቸው ወድቀው ነበር። ከጻሕሉ ምንም አልወደቀም። ነገር ግን ሕዝቡ አንድ ላይ "እግዚኦ!" ሲል ጆሮዬን ያዝኩ። ፊታቸው ሲገረጣ ከዚያ ርቀት ይታየኝ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲያ ቅዳሴ አልገቡም። "እግሬ ካልተመለሰ ሥጋውን አልሸከምም" አሉ። ሌላው ቄስ ብቻውን ሊቀድስ አይችልም። ዋንዛማ ሚካኤል እሑድ እሑድ ደጁ ተከፍቶ ሳይቀደስበት ይውላል፤ ሰው ሬሳውን እንኳ ይዞ ወንዝ ተሻግሮ ሌላ ደብር ይሄዳል።

የባሰው ግን እሱ አይደለም። መጀመሪያ ላይ እግራቸው መነካቱ ደስታ ነበር። ሳምንት በሳምንት ሲተካ መጠየቅ ጀመሩ። ያዕቆብ በዚያው ንጋት ተባርኳል። እሳቸውስ? ነክቶ ለምን ሳይባርክ ሄደ? በጾመ ነቢያት ሌላው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲጾም እሳቸው በሁለት ቀን አንዴ ጥሬ መቆርጠም ጀመሩ። እትዬ ወለተ ሐና ክሊኒክ መጥተው አለቀሱብኝ። "አንድ ነገር ስጫቸው እባክሽ፤ የምግብ ፍላጎት የሚከፍት። ሊሞቱብኝ ነው።" ሄድኩ። መደቡ ላይ አጥንታቸው ወጥቶ ተቀምጠዋል። እጄን ያዙኝ።

"ልጄ፣ ያን ለት አጠገቤ የነበርሽ አንቺ ነሽ። ምን ስናገር ሰማሽኝ? የትኛውን በደሌን አወጣሁ? እሱን ባውቀው ንስሐ ገብቼበት ይለቀኝ ነበር።"

ምንም አልተናገሩም አልኳቸው። ወጥቼ ከቤታቸው ጀርባ ካለው ግራር ሥር ተቀመጥኩና ራሴን በጥፊ መታሁ። ልጅ አይደለሁ፣ እብድ አይደለሁ፤ መታሁት። ሰው ባልሠራው ኃጢአት ራሱን በረሃብ እየገደለ ነው፤ ኃጢአቱ እኔ ኪስ ውስጥ ነው ያለው።

የገና ዕለት ቅርጫ ነበር። ከወንዙ ዳር ዋርካው ሥር በሬ ተጥሏል፤ ወንዶቹ ከበውታል። ሴት ልጅ ከዚያ አትቆምም። ቆምኩ። ሥጋ የሚከፋፍለው አያ ይርሳው ነው፤ በዋንዛማ ከሱ ሌላ ቢላ የሚይዝ የለም። የኋላ እግሩን ከዳሌው ሲያላቅቅ ቢላውን እምብዛም አይጠቀምበትም፤ ጡንቻና ጡንቻ የሚለያይበትን ስንጥቅ በጣቱ እየፈለገ ይገባል። ይኸ ታላቅ፣ ይኸ ታናሽ፣ ይኸ ሽንጥ እያለ ቅጠል ላይ ያስቀምጣል። እኔ ለሁለት ዓመት ከሥዕል ላይ የሸመደድኩትን እሱ በእጁ ያውቀዋል።

"አያ ይርሳው፣ ሹልዳውን ላየው።"

"ቧ! አንቺ ደግሞ ምን አመጣሽ እዚህ?" አለና ሰዎቹን አየ። ሳቁ። ሐኪም መሆኔ አዳነኝ። ትልቁን የመቀመጫ ጡንቻ ገለበጠውና ከሥሩ የሚያብረቀርቅ ነጭ ገመድ አወጣ። ጠፍጣፋ ነው፤ አውራ ጣት ያህላል። ከወገብ ወጥቶ በጭን ጀርባ ቁልቁል ይወርዳል።

"ይኸውልሽ። ቋንጃ ብትቆርጪ በሬው ይወድቃል። ይኸን ብትነኪበት ግን ይቆማል፤ እግሩን ብቻ ይረሳዋል። የወንዳወቅ በሬ እዚህ ጋ ቀንድ ገብቶበት ዓመት ሙሉ ሰኮናውን መሬት ለመሬት ሲጎትት ከርሞ አረድነው።" ጣቱን ያኖረው የበሬው ታፋ ከመቀመጫው የሚገናኝበት ላይ ነው። መርፌዬ የገባበት ትክክለኛ ቦታ።

ሊጥለው ሲል፣ "ስጠኝ" አልኩት። ሳቁ ቆመ። ሹልዳ የጠየቀው ሰው አይቶ አያውቅም። ምን እንደመሰልኩት እንጃ፤ በኮባ ቅጠል ጠቅልሎ ሰጠኝ።

በቀጥታ ቄስ ወልደ ዮሐንስ ቤት ሄድኩ። ከመንገድ ላይ ከተመለስኩ ሁለተኛ እንደማልወጣ ስለማውቅ ሮጥኩ ማለት ይሻላል። ባልና ሚስት ብቻቸውን ናቸው። የበዓል ምግብ ቀርቧል፤ እሳቸው አልነኩትም። ቅጠሉን ከፊታቸው መሬት ላይ ዘረጋሁና ተንበረከክሁ።

"አባ፣ መልአክ አልነካዎትም። የነካሁዎት እኔ ነኝ።"

"ምን?"

ሁሉንም ነገርኳቸው። ማሰሪያውን እንዴት እንደያዙ፣ ሱሪውን ከታች እንዴት እንደሰበሰቡ፣ ቦታው ልክ እንዳልሆነ እያወቅሁ እንደወጋሁ፣ ሲጮኹ እንዳልነቀልኩ። ሹልዳውን በጣቴ እያሳየሁ መርፌው የት እንደገባ፣ እሳቱ በየት በኩል ወደ ጣታቸው እንደወረደ ነገርኳቸው። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። እንዲህ ጎበዝ የሆንኩበት ጊዜ የለም፤ ይህ ጉብዝና ግን ጥቅምት ላይ ነበር የሚያስፈልገኝ።

እትዬ ወለተ ሐና መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው ደረቴን በሁለት እጃቸው ደበደቡኝ። "ማሬን በላሽ! ጉልበትሽን ስስም ዝም አልሽኝ!" ቄስ ወልደ ዮሐንስ እጃቸውን አነሡና አስቀመጧቸው። የኮባውን ቅጠል ወደራሳቸው ሳቡት።

"ሱሪዬን አልፈታም አልኩ?"

"አዎ አባ።"

"እኔስ በትኩሳት ያበድኩ በሽተኛ ነበርኩ። አንቺ ሐኪሟ ለምን ሰማሽኝ?"

"አፈርኩ" አልኩ።

"አፈርሽ።" ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ ከፍ ቢያደርጉት በተሻለኝ። "ሕዝቡ ይኸን እግር ሲሳለም ታይ ነበር?"

"አይ ነበር።"

"ኅዳር ሚካኤል ጻሕሉን ይዤ ስደናቀፍ ነበርሽ?"

"ነበርኩ።"

"እኔ ደግሞ በደሌን ስፈልግ ከረምኩ። ሳጣ ጊዜ ያላደረግሁትን ለነፍስ አባቴ ተናዘዝሁ። ሠርቼው ይሆናል፣ ረስቼው ይሆናል እያልኩ። ሰው ገድዬ ይሆናል ብዬ ሁሉ አስቤያለሁ።" ዓይናቸው እንባ ሞላ። ቁጣ ይሁን ሐዘን አላወቅሁም። "መልአኩን ወሰድሽብኝ። በደሌንም ወሰድሽብኝ። ምን ተረፈኝ ታዲያ?"

"እግርዎ አባ። እባክዎ አሁን ይፍቀዱልኝ። ጠዋትና ማታ እመጣለሁ። ዓመትም ይሁን ሁለት ዓመት እመጣለሁ።"

ቀኝ እግራቸውን ወደኔ ዘረጉ። "በይ። ያልሽውን አድርጊ።"

ሱሪውን ወደ ላይ ሰበሰብኩ። የባታቸው ሥጋ አልቆ ቆዳው ተንጠልጥሏል፤ የቅልጥማቸው ፊት ጎድጉዷል። የዚህን ሁሉ ጡንቻ ስም አውቀዋለሁ፣ አንዱም አልነበረም። ተረከዛቸውን በግራ እጄ ይዤ መዳፉን በቀኝ እጄ ወደ ላይ ገፋሁ። አልሄደም። የተረከዙ ጅማት እንደ ደረቀ ጠፍር ሆኗል። በክርኔ ተደግፌ በሙሉ ክብደቴ ገፋሁት። ጣቶቹ ወደ ታች እንደተቀሰሩ ቀሩ። አቀማመጤን ለወጥኩና ደግሜ ሞከርኩ፤ ደግሜም ሞከርኩ። እሳቸው እግሩን አይደለም የሚያዩት፤ የኔን ፊት ነው።

"ጠነከረ?"

"ጠንክሯል።"

"ይላላል?"

እሺ፣ ይላላል ማለት እችል ነበር። ውሸትን በሦስት ወር ውስጥ በደንብ ተምሬዋለሁ። "ነርቩ ቢመለስ እንኳ ተረከዝዎ መሬት የሚነካ አይመስለኝም" አልኳቸው። "በጥቅምት፣ ቢያንስ በኅዳር ጀምሬው ቢሆን ኖሮ..." መጨረስ አቃተኝ።

ቄስ ወልደ ዮሐንስ ወደ ግድግዳው ተደገፉ። ሲናገሩ ለባለቤታቸው ነው የተናገሩት። "ወለተ ሐና፣ ተነሺና ለደብሩ ገበዝ ንገሪልኝ። ሌላ ቄስ ይፈልጉ። ደብሩ እኔን እየጠበቀ አይዘጋ።" እትዬ ወለተ ሐና ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ከትተው አለቀሱ። ሠላሳ ዓመት የቄስ ሚስት ነበሩ።

ከዚያ ወደኔ ዞሩ። "መልአክ አልነካኝም፣ ተሳስቼ ነው ያሳለምኳችሁ ብዬ እሑድ ራሴ ለሕዝቡ እነግራለሁ። ያንቺን ስም አላነሣም። አዝኜልሽ እንዳይመስልሽ። ስምሽን ከጠራሁ ያን ክሊኒክ ያቃጥሉታል፤ ከርሞ ወባው ሲመጣ ልጆቻችንን የሚነካልን አይኖርም።"

እግራቸው ሥር ወደቅሁ። ተነሺ አላሉኝም፣ ይፍታሽም አላሉኝም። ሲመሽ ልወጣ ስነሣ ነው የጠሩኝ።

"ወዴት ትሄጃለሽ? ግፊ እንጂ።"

"አባ፣ አይመለስም እኮ።"

"ሰምቻለሁ። ግፊ።"

ተመልሼ ተንበረከክሁ፤ ተረከዛቸውን በግራ እጄ ያዝኩና ገፋሁ።